ስንብት ፍለጋ፦ ከጋይንት እስከ እስቴ

ዕድሜዬ አርባ ከሞላ በኋላ ዶክትሬት ልማር ብዬ መነሳቴን የሰሙ ባልደረቦቼ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ፊት ለፊት «በርታ» የሚሉኝና ዞር ብለው የሚስቁብኝ። አብዛኞቹ ሁለቱንም ያደርጋሉ። እኔም አልፈርድባቸውም። ባሕር ዳር ውስጥ አማርኛ ሳስተምር ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጠመኔው ሳንባዬ ገብቷል፣ ጉልበቴም ደረጃ ስወጣ ይንቋቋል።

ላጠና ያሰብኩት የቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህራን የተማሪን ስህተት እንዴት እንደሚያርሙ ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን ማመልከቻ ከመቀበሉ በፊት «አማክረዋለሁ» ብሎ የሚፈርም ፕሮፌሰር ራስህ ፈልገህ ና ይላል። ስለዚህ ኢሜይል ስጽፍ ከረምኩ። «ክቡር ፕሮፌሰር» ብዬ እጀምርና የሰውዬውን ሥራ አመሰግናለሁ፣ ሐሳቤን በሁለት አንቀጽ አስቀምጣለሁ፣ «በትሕትና» ብዬ እጨርሳለሁ። ለአንዱ የጻፍኩትን ስሙን ሳልቀይር ለሌላው ልኬ ሁለት ቀን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከስምንቱ የመለሱልኝ አንድ ብቻ ናቸው። ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ተማሪዎቹን በሚያስተምርበት ጉባኤ ውስጥ አስገብቶ የሚያስጠናህን የዜማ መምህር ፈቃድ ሳትይዝ አልፈርምልህም፤ የዛሬ ሦስት ሳምንት ረቡዕ ድረስ ብቻ እጠብቅሃለሁ አሉ።

በታች ጋይንት፣ የዜማ መምህርነት ከሚመሰከርባት ከቤተ ልሔም ትንሽ ራቅ ባለ አንድ ደብር፣ መሪጌታ ይትባረክ የሚባሉ በቤተ ልሔም የተመሰከሩ መምህር እንዳሉ ሰምቼ ነበር። እሳቸውንም እንደ ፕሮፌሰሮቹ አድርጌ አስቀድሜ ለመገናኘት ሞከርኩ። ስልክ ያለው ደቀ መዝሙር አፈላልጌ አስነገርኩ፤ የትምህርት ቤታችን ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤም ላክሁ። መልስ የለም። ባለቤቴ ይህን ስታይ «ምን በስልክ ትነዘንዛቸዋለህ፣ ሄደህ ጉልበታቸውን ሳም» አለችኝ። የጥር ወር ነበር፤ ፈተና ጨርሰን ስለነበር፣ የፕሮፌሰሩ ረቡዕ ሳምንት ሲቀረው ስድስት ቀን አስፈቅጄ ተነሳሁ።

ሐሙስ

ዛሬ ዛሬ ከመናኸሪያ ስትነሳ መጀመሪያ የምትጠይቀው ታሪፍ አይደለም፤ «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ነው። ረዳቱ «እስካሁን ክፍት ነው» አለን። «እስካሁን» የምትለዋ ቃል ስድስቱን ቀን ሙሉ አልተለየችኝም። በየኬላው ወርደን ተፈተሽን፣ መታወቂያ አሳየን፣ ተመልሰን ተሳፈርን።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ የእህቷን ልጅ ልትድር የምትሄድ ነበረች። እግሯ ሥር በፕላስቲክ ባልዲ ቅቤ ይዛለች። ባሕር ዳርን ለቀን ወረታ እስክንደርስ ያለው ሜዳ እንደምታውቁት ሙቀቱ አይጣል ነው፤ ቅቤው ቀልጦ በባልዲው ጠርዝ ወርዶ ቦርሳዬ ውስጥ ገባ። ፕሮፌሰሩ የሚፈርሙበት ቅጽ ከፊት ኪስ ነበር። ሳወጣው ብርሃን ያሳልፋል። ሴትዮዋ ከእኔ በላይ ደነገጠች። «ወንድማለም፣ ምን ባደርግልህ ይሻላል?» እያለች ለስንቅ የያዘችውን ድፎ ዳቦ ግማሹን ቆርሳ ሰጠችኝ፤ አልፈልግም ብል እንዳኮረፍኩ ስለምትቆጥረው በላሁ። ደብረ ታቦርን አልፈን ወደ ጉና ስንወጣ ብርዱ መጣ፣ ቅቤውም እወረቀቱ ላይ ተመልሶ ረጋ። ከዚያ ወዲያ ቦርሳዬን በከፈትኩ ቁጥር የሰርግ ቤት ይሸታል።

ንፋስ መውጫ ስሟን አላጣችም። እኛ ባሕር ዳር ጥር ላይ በአንድ አንሶላ እናድራለን፤ እዚያ ግን ሁለት ብርድ ልብስ ደርበው ሰጥተውኝ ሦስተኛ ለመለመን አፈርኩ። አልጋ ያከራዩኝ ሰውዬ ግን ሳልጠይቅ በሳፋ ፍል ውሃ ይዘው መጥተው እግሬን እንድነክር አደረጉኝ። «ሰው የሚበርደው ከእግሩ ነው» አሉኝ። ካልሲዬን አድርጌ ተኛሁ።

አርብ

አርብ ገበያ ወደምትባለው ከተማ የምትሄደው መኪና በገበያ ቀን የሰው መኪና አይደለችም። ጨው፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ሳሙና፣ ቆርቆሮ ተጭኖባት በመጨረሻ በቀረው ቦታ ሰው ይሞላል። እኔ ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ፣ የሰው ሳሙና ታቅፌ ሄድኩ። የደረስን ወደ እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ሰውና አህያ ከየአቅጣጫው ይጎርፋል። አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ በላሁ። እኛ ዘንድ አርብ ሲሆን ዓሣ አለ፤ እዚህ ለምግብ ቤቷ ባለቤት ዓሣ ስላት በጾም ቀን ሥጋ የጠየቅኳት ያህል ገርሟት አየችኝ።

መሪጌታን ስጠይቅ ገብሱን ሸጦ የሚመለስ አያ ደመቀ የሚባል ገበሬ «እኔም በዚያው ነኝ፣ ቅርብ ነው» አለኝ። ቦርሳዬን ተቀብሎ ባዶዋ አህያው ላይ ጫነልኝ። የጋይንት «ቅርብ» ከባሕር ዳር «ቅርብ» ጋር ዝምድና የለውም። እኛ ለአንድ ፌርማታ ባጃጅ እንጠብቃለን፤ አያ ደመቀ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ገደል እያስወረደ፣ ዳገት እያስወጣ፣ ስለ ዘንድሮ አዝመራና ስለ ማዳበሪያ መዘግየት እየነገረኝ ወሰደኝ። ቆም ባልኩ ቁጥር እሱም አህያዋም ቆመው ይጠብቁኛል። አህያዋ የታዘበችኝ መሰለኝ።

መሪጌታ ይትባረክ ከደብሩ ቅጥር ውጭ ካለች ጎጆ ደጃፍ፣ ድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ጎልማሳ ናቸው፤ ከእኔ ቢበልጡ አሥር ዓመት ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ማንነቴን ስነግራቸው ከማኅደራቸው ደብዳቤዬን አውጥተው አሳዩኝ፤ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። ለምን እንዳልመለሱ ልጠይቅ ብዬ ተውኩት። እሳቸው ግን የገባቸው መሰለኝ፤ ደብዳቤ ማንም ይልካል፣ ተማሪ ግን ይመጣል አሉ።

ከዚያ «የማን ተማሪ ነህ?» አሉኝ። የፕሮፌሰሩን ስም ጠራሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሳቸውን አይደለም። ዜማ ያስጀመረህ ማን ነው?»

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። በአሥር ዓመቴ አጎቴ ወደ ስማዳ ወስዶ የኔታ ጥበቡ የሚባሉ መምህር ዘንድ እንዳስገባኝ፣ ሁለት ዓመት እንደተማርኩ ነገርኳቸው።

«አሰናብተውሃል?»

አላሰናበቱኝም። አንድ ጧት ውሃ ልቀዳ ተልኬ ገንቦውን ምንጩ ዳር አስቀምጬ፣ ርሃቡና የየደጁ ውሻ ስለሰለቸኝ፣ በዚያው የሄድኩ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ለባለቤቴ እንኳን «ትምህርቱን ጨርሼ ወጣሁ» እንጂ ጠፋሁ ብዬ አላውቅም። ለመሪጌታ ግን መዋሸት አቃተኝና እንደሆነው ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ጨርሼ እስክናገር ሰሙኝና፣ «እንግዲያ አንተ ገና የእሳቸው ተማሪ ነህ። እኔ የሌላ መምህር ተማሪ አልወስድም። ሂድና ተሰናበት፤ 'ለቅቄዋለሁ' የምትል ቃል ከእሳቸው ትምጣልኝ፤ በስልክም ትሁን» አሉኝ።

ተናደድኩ። ለአንድ ፊርማ ሌላ ፈቃድ፣ ለፈቃዱ ደግሞ ሌላ ቃል። ያን ሁሉ ገደል ወርጄ የመጣሁት እንደገና ልላክ ነው? ቀዝቀዝ ስል ግን ከመምህራን ኮሌጅ ስንወጣ ያስዞሩን የነበረው ክሊራንስ ትዝ አለኝ፤ የላይብረሪ መጽሐፍ እንዳልያዝኩ፣ የስፖርት ማልያ እንዳልቀረብኝ አሥር ቢሮ ተፈርሞልኝ ነው ዲፕሎማዬን ያየሁት። ያኔ አላጉረመረምኩም። መሪጌታ የጠየቁኝም ይኸው ነው፣ የሚለየው ቢሮው አንድ ብቻ መሆኑ ነው።

ተማሪዎቹ ጎጆ ውስጥ ቦታ ለቀቁልኝ፤ በተልባ የተለወሰ የገብስ እንጀራ አቀረቡልኝ። እኔ የጤፍ ልጅ ነኝ፣ ገብስ እጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። መሪጌታ ራሳቸው እየቆረሱ ስላጎረሱኝ ግን ሁሉንም ጨረስኩ።

ቅዳሜ

ማለዳ ተማሪ አስከትለው መንገድ ድረስ ሸኙኝና ወደ ወገዳ የሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ወጣሁ የምለው ከጭነቱ በላይ ነው። የስማዳን መንገድ ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። እኛ አስፋልቱ ጉድጓድ አወጣ ብለን ማዘጋጃ ቤቱን እናማለን፤ እዚህ ጉድጓዱ መንገድ አወጣ ቢባል ይቀላል። ሁለት ሰዓት ያህል እንደተጓዝን የኋላ ጎማችን ፈነዳ። ተቀያሪ ጎማ ነበር፤ ሲያወርዱት እሱም ተንፍሷል። ሾፌሩ ጎማውን በሞተር ሳይክል አስጭኖ ሄደ፤ እኛ ፀሐይ ላይ ቀረን።

ከመንገዱ በላይ ካለ ሰፈር ከበሮ ይሰማል። ሰርግ ነው። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነጭ የለበሱ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው ወረዱና ያለነውን ሁሉ በዓይናቸው ለኩን። «ሰው በደጃችን ተቀምጦ እኛ እንበላለን ወይ? ተነሡ» አሉ። አልጠየቁም፤ አዘዙ። አሥራ ሰባት ሰው ሆነን ዳስ ገባን። ሙሽራው ማን እንደሆነ ሳናውቅ በላን፣ ጠላም ተቀዳልን፤ እኔንማ መምህር መሆኔን ሲሰሙ ከሽማግሌዎቹ ጎን አስቀመጡኝና መርቅ አሉኝ። ለማላውቃቸው ሰዎች ልጅ ይውለዱ፣ ይክበዱ ብዬ መረቅኩ። እኛ ከተማ የጥሪ ካርድ ይዘን ሄደን እንኳን ወንበር ሞልቷል እንባላለን። ጎማው ተጠግኖ ሲመጣ ሊለቁን አልፈለጉም ነበር።

ወገዳ የደረስን ሊመሽ ሲል ነው። አልጋ የያዝኩት እትዬ አስናቀች የሚባሉ ሴት ቤት ነበር። እራት ሳይቀርብልኝ ስለ የኔታ ጥበቡ ጠየቅኳቸው። እትዬ አስናቀች ያውቋቸዋል።

«ዓይናቸው ከፈዘዘ ወዲህ ጉባኤውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ወጡ እኮ። ሦስት ዓመታቸው ነው። የእህታቸው ልጅ እስቴ ወስዳ እሷ ዘንድ አስቀምጣቸዋለች።»

መደቡ ላይ ተዘርግቼ ጣሪያውን አየሁት። ደክሞኝ ነበር፤ ድካሜ ግን የእግር ብቻ አልነበረም። በሕይወት አሉ በመባሌ ደስ ሊለኝ ሲገባ መጀመሪያ የተሰማኝ «ደግሞ እስቴ?» የሚል ምሬት መሆኑ አሳፈረኝ።

እሁድ

ወደ እስቴ መኪና የለም። እንደ ባሕር ዳር ቢሆን አምስት ደላላ እጄን ይጎትተኝ ነበር፤ ወገዳ ላይ የሆነውን ሁሉ የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፣ እሱም «ነገ» አለ። አስቀድሼ ስወጣ ስልኬ ላይ ኔትወርክ መጣችና የፕሮፌሰሩ መልእክት ገባ። ቦታውን የሚፈልግ ሌላ አመልካች አለ፣ ረቡዕ ጠዋት ካልመለስክ ለእሱ እፈርማለሁ ይላል። «በመንገድ ላይ ነኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ መልእክቱ ሳይሄድ ኔትወርኩ ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ የድሮው ጉባኤ ወደነበረበት በእግሬ ሄድኩ። ሰፈሩ ተለውጧል፣ ጎጆዎቹ ቆርቆሮ ሆነዋል። ምንጩ በሲሚንቶ ተገንብቶ ቧንቧ ገብቶለታል። እዚያ ቆሜ ምን እንደሚሰማኝ ጠበቅኩ። እግሬን አሞኝ ስለነበር ብዙ አልቆየሁም።

እትዬ አስናቀች የእሁዱን አልጋ ሒሳብ አልቀበልም አሉኝ። ያልጠየቅኩትን ዶሮም ሠርተው ጠበቁኝ። «መኪና አጥተህ ነው እንጂ ወደህ አላደርክ» አሉ። ብሩን ኪሴ መልሼ ዶሮውን በላሁ።

ሰኞ

ከስድስት ሰዓት በላይ ተጉዘን ከሰዓት በኋላ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ገባን። ከስማዳ ለመጣ ሰው እስቴ ከተማ ናት፤ ከባሕር ዳር ለመጣ ሰው ደግሞ ሰፊ መንደር። እኔ በዚያ ቀን የስማዳ ሰው ነበርኩና ባጃጅ ሳይ ደስ አለኝ። የየኔታን የእህት ልጅ ወይዘሮ የሺን ለማግኘት አላስቸገረኝም፤ ጧፍ እየሠራች ለአብያተ ክርስቲያናት የምትሸጥ ስለሆነች የማያውቃት የለም። ቤቷ ገና ከደጅ ሰም ሰም ይላል።

የኔታ ጥግ ላይ፣ ጋቢ ተከናንበው ተቀምጠዋል። እኔ በልቤ ይዤያቸው የኖርኩት ሰው ረዥምና አስፈሪ ነበር። እኒህ አንድ ፍሬ ሰው ናቸው። ጉልበታቸውን ስሜ ስሜን ነገርኳቸው።

«ሙሉጌታ ብዙ ነው» አሉኝ፣ ዓይናቸው ወደ ግድግዳው። «የቱ ነህ?»

የአጎቴን ስም ነገርኳቸው፣ ዓመቱን ነገርኳቸው፣ የነበርኩበትን ጎጆ ነገርኳቸው። አላወቁኝም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ይፈልጉኝ፣ ይረግሙኝ የመሰሉኝ ሰው ጭራሽ አያስታውሱኝም። ቅር አለኝ፤ ቅር የማለት መብት ግን የለኝም። የጋይንቱ መሪጌታ እንደላኩኝና መሰናበት እንደምፈልግ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና፣ ያልያዝኩትን እንዴት እለቃለሁ አሉ። ቀጥለው ምን ላይ እንደደረስኩ ጠየቁኝ። የየዕለቱን ምስጋና በዜማ ስንማር የሐሙሱን ጀምሬ እንደነበር ተናገርኩ።

«በለው እስቲ።»

ጀመርኩ። ይህን ዜማ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ከዚያ ዘመን ይዤው የወጣሁት ንብረት እሱ ብቻ ነው። ወይዘሮ የሺ የጧፍ ክሯን ይዛ ቆመች። አራተኛው መስመር ላይ የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«እዚያች ጋ ድገም።»

ደገምኩ። ሦስተኛም አስደገሙኝ። ከዚያ ፊታቸው ተፈታ።

«የኔ ነህ» አሉ። «ስህተቷ የኔ ናት።»

ነገሩን ቀስ ብለው አስረዱኝ። እዚያ ቦታ ላይ ድምፅ ተይዞ ይቆማል። እኔ ግን ርክርክ እያደረግኩ ቁልቁል አወርደዋለሁ። እንዲህ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ በጎልማሳነታቸው እንዲህ ነበር የሚያውቁት። ቆይተው ለመመስከር ጋይንት ሲሄዱ መምህራቸው ያቺን አንዲት ቦታ አረሙላቸው። ተመልሰው ጉባኤያቸው ውስጥ ያለውን ተማሪ ሁሉ አስቀምጠው አረሙ።

«ቀድሞ የሄደውን ግን ከወዴት ላምጣው?» አሉ። «በዚህች ስህተት የሚያዜም ሁሉ፣ እኔ ሳልታረም በፊት ከእጄ የወጣ ነው። ገበያም ሆነ መንገድ ላይ ስሰማት ልቤ ይደነግጣል።» ፊታቸውን ወደ ድምፄ መልሰው፣ «ከምንጩ የቀረኸው አንተ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ የኔታ።»

«ገንቦዋን ሦስት ቀን አላነሣናትም። ተመልሶ ሲመጣ ባዶ እጁን እንዳይገባ ብለን።»

አለቀስኩ። ለሰው የማላወራው ዓይነት ልቅሶ ነው፤ ወይዘሮ የሺ ወጥታ በሩን ገርበብ አደረገችልን። ይቅርታ ጠየቅኩ። የኔታ ራሴን ዳበሱና ይቅር እንዳሉኝ ነገሩኝ፤ ስንብቱን ግን ነገ እናያለን አሉ።

ማክሰኞ

በጧት ተነሥተን ያቺን ቦታ ስንማር አረፈድን። ሐሳቡን በአንድ ጊዜ ይዤዋለሁ፤ ጉሮሮዬ ግን አልሰማ አለ። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ተማሪዎቼ «ስህተት መሆኑን አውቃለሁ ቲቸር፣ እጄ ነው የሚጽፈው» ሲሉኝ የምስቅባቸው ትዝ አለኝ። በስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣ ድምፄ ተይዞ ቆመ። የኔታ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝና «ይበቃል» አሉ።

በልቤ አለቀ ብዬ ነበር። አሁን ለመሪጌታ ይደወላል፣ መሪጌታ እሺ ይላሉ፣ ነገ ጧት ለፕሮፌሰሩ እጽፋለሁ። ስልኬን ሳወጣ የኔታ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«ለማን አስተማርካት?»

ይህን ያልጠበቅኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም። በሰፈራችን ሰንበት ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ሕፃናትን ዜማ አስተምሬያለሁ። ያቺን የሐሙሷን በተለይ እወዳት ስለነበር ከሁሉ በፊት የማስጀምራቸው እሷን ነበር።

«ለስንት?»

«እንጃ፣ የኔታ። መቶ ልጅ ይሆናል። ይበልጥም ይሆናል።»

«ትናንት ይቅር ያልኩህ በሄድክበት ነው» አሉኝ። «ስንብት ሌላ ነው። ተማሪ የሚሰናበተው ከእጁ የወጣውን ሲያቃና ነው። እኔ አንተን አላገኘሁህም ነበር፤ አንተ ግን ልጆችህን ታውቃቸዋለህ። ፈልገህ አርማቸው። ስትጨርስ ደውልልኝ፣ ለጋይንቱ መምህር በገዛ አፌ እነግራቸዋለሁ።»

ነገ ረቡዕ መሆኑን ነገርኳቸው። ስለ ፕሮፌሰሩ፣ ስለ ሌላው አመልካች፣ ይህ ሦስተኛ ሙከራዬ እንደሆነና ሌላ ዓመት ለመጠበቅ አቅም እንደሌለኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ለማንም እንዲህ ለምኜ አላውቅም። በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ረቡዕ በየሳምንቱ ይመጣል፣ ልጄ» አሉኝ።

ወይዘሮ የሺ አንድ እስር ጧፍና የገብስ ቆሎ አስይዛ እስከ መናኸሪያ ሸኘችኝ። አንዴ ካሰቡ አይመለሱም፣ አጎቴ እንዲህ ናቸው ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። በአምበሳሜ በኩል ወጥተን ሐሙሲት ላይ አስፋልት አገኘን። መኪናው መንቀጥቀጡን ሲያቆም ጆሮዬ ጭው አለ። ባሕር ዳር ሙቀቷ ተቀበለኝ፤ ልጆቼ ቦርሳዬን ሲከፍቱ ቅቤው ሸቷቸው ሳቁብኝ። እኔ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ረቡዕና ከዚያ በኋላ

በማለዳ ለፕሮፌሰሩ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። መጀመሪያ ምክንያት ደረደርኩ፣ ቀጥሎ መንገዱን አማረርኩ፣ በመጨረሻ እውነቱን አስቀመጥኩ፦ የመጀመሪያ መምህሬ ገና አላሰናበቱኝም፣ ስለዚህ ፈቃድ የለኝም። በሰዓት ውስጥ መለሱልኝ። ቦታው ለሌላው አመልካች ተሰጥቷል፤ ሲያሰናብቱህ ጻፍልኝ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ላንተ ላስብበት እችላለሁ ይላል። ባልደረቦቼ ምን ሆንክ ሲሉኝ «ለከርሞ ተላለፈ» አልኳቸው። አንዱም አልገረመውም።

የሰንበት ትምህርት ቤቱን የድሮ መዝገቦች አስፈቅጄ ወስጄ ስም ማውጣት ጀመርኩ። አንዳንዱ ስልክ ተቀይሯል፣ አንዳንዱ ልጅ ዓረብ አገር ሄዷል፣ ሁለቱ አርፈዋል። መጀመሪያ ያገኘኋት ትዕግሥትን ነው። በአሥር ዓመቷ የተቀበልኳት፣ ካስተማርኳቸው ሁሉ ድምፅዋ የሚበልጥ ልጅ ነበረች፤ ዛሬ አግብታ አዳማ ትኖራለች። ድምፄን ስትሰማ ደስታዋ ሌላ ነበር። የሐሙሷን በይልኝ ስላት ለምን ብላ እንኳን አልጠየቀችም፤ ድስቷን ከእሳት አውርዳ መጣችና አዜመችልኝ። አራተኛው መስመር ላይ ድምፅዋ ርክርክ እያለ ወረደ። እንደዚያ ያማረ ስህተት ሰምቼ አላውቅም።

ነገርኳት። ከእኔ ይልቅ እሷ ፈጠነች፤ በሦስተኛው ያዘችው። በደስታ መዝገቡ ላይ ስሟ ጎን ምልክት አደረግኩ። በይ ከእንግዲህ እንዲህ ነው የሚባለው፣ ብዬ ልሰናበታት ስል አቋረጠችኝ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እኔም እኮ እዚህ ልጆች አስተምራለሁ። ስድስት ዓመቴ ነው።»

«ለስንት?» አልኳት።

አልመለሰችልኝም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ጠበቅኩ፤ እየቆጠረች ነበር።